ሦስተኛው ወር ላይ የሚዘጋው ደብተር

ጥያቄ፦ "29 ዓመቴ ነው፤ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር የአምስት ዓመት እቅድ እጽፋለሁ። የዘንድሮው 14 ግብ አለው፤ ማስተርስ፣ የራሴ ቢዝነስ፣ ቤት መግዛት፣ ቁጠባ፣ ቋንቋ መማር፣ ስፖርት፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ኦንላይን ኮርስ እያለ ይቀጥላል። ሁለት ወር ጥሩ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ወር ላይ ደብተሩን መክፈት ራሱ ያስጠላኛል። ጓደኛዬ 'ዲሲፕሊን የለሽም' ትለኛለች። ግባቸውን ስለጻፉት 3 በመቶ ሰዎች የሚያወራ ቪዲዮም ልካልኛለች። በሌላ በኩል ኃላፊነት የማይሰማኝ ሰው አይደለሁም፤ የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ክፍያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳላዛንፍ እየከፈልኩ ነው። ሰነፍ ነኝ? ወይስ የረጅም ጊዜ እቅድ ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም? ደግሞስ ግቤን ለሰው ልንገር ወይስ ዝም ልበል?"

ምላሽ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔን የያዙት 14ቱ ግቦች አይደሉም። "በሌላ በኩል" ብለሽ በጨረፍታ ያለፍሻት ዓረፍተ ነገር ናት። አራት ዓመት ማለት 48 ወር ነው። በ48 ወር ውስጥ መቼም ሳትታመሚ፣ ገንዘብ ሳያጥርሽ፣ ሙድሽ ሳይጠፋ አልቀረም። ክፍያው ግን አልተዛነፈም። ዲሲፕሊን የሌለው ሰው ይሄን አያደርግም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ ሰነፍ አይደለሽም። ለሁለተኛውም እንደዚያው። የረጅም ጊዜ እቅድ እየተሳካልሽ ነው። እቅድ ብለሽ ስላልጠራሽው አልቆጠርሽውም እንጂ።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። የወንድምሽ ክፍያ አንድ ነገር ነው። ቀን አለው። መጠኑ ይታወቃል። ደመወዝ ሲገባ ከሁሉ በፊት ይወጣል፤ ከተረፈ ተብሎ አይጠበቅም። ቢዘገይ የሚደውል ሰው አለ። ለመክፈል ደግሞ ወኔ አያስፈልግሽም፤ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው እቅድ ከእነዚህ አንዱም የለውም። 14 ነገር ነው። ቀኑ "በአምስት ዓመት ውስጥ" ነው። የሚሠራው "ጊዜ ሲገኝ" ነው። ቢቀርም ለምን ቀረ የሚል የለም። ሁለቱን እቅዶች ያወጣችው ያው አንቺ ነሽ። የተለያየው አሠራራቸው ነው።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ደብተርሽን እንዴት ወደዚያ ክፍያ እናስጠጋው የሚል ነው።

መጀመሪያ ግን ያንን ቪዲዮ ከመንገዳችን ላይ እናንሳ። ታሪኩን አውቀዋለሁ። በ1953 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ተማሪዎች ተጠየቁ፤ ግባቸውን በጽሑፍ ያስቀመጡት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚያ 3 በመቶዎች ሀብት ከቀሪዎቹ 97 በመቶ ሀብት በለጠ ይላል። አንዳንዱ ተናጋሪ ዬልን ትቶ ሃርቫርድ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጥናት የለም። ተፈልጎ ታጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም አልተደረገም ብሏል። እኔም በወጣትነቴ በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምቼው ስንት ሰው ፊት ደግሜዋለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መጻፍ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም የሚባሉ ተመራማሪዎች ግብን ለአሥርት ዓመታት አጥንተዋል። ግልጽና ከበድ ያለ ግብ የተሰጠው ሰው "የቻልከውን አድርግ" ከተባለው ሰው የተሻለ እንደሚሠራ ደጋግመው አሳይተዋል። ግን ልብ በይ፤ ይሄ የሚሠራው ሰውዬው ችሎታው ሲኖረው፣ ግቡን ከልቡ ሲቀበለውና የት እንደደረሰ ሲያውቅ ነው። ነገሩ አዲስና ውስብስብ ከሆነ ደግሞ "ይህን ያህል አገኛለሁ" ከሚል ግብ "ይህን ይህን እማራለሁ" የሚል ግብ ይሻላል። ያንቺ "የራሴ ቢዝነስ" እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ምን እንደምትሸጪ ገና ሳታውቂ የሁለተኛ ዓመት ትርፍ ጽፈሽ ከሆነ ሰርዢው። በምትኩ "በሦስት ወር ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ አሥር ሰዎች አነጋግራለሁ" ብለሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ እንምጣ።

ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ ሳይኮሎጂስቶች በ1979 ስም ያወጡለት አንድ የሰው ልጅ ስህተት አለ። ሥራ ስናቅድ የሚወስደውን ጊዜ አሳንሰን እንገምታለን። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ዘግይቶብን እያወቅን እንኳን እናሳንሰዋለን። በ1994 የታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። የሚገርመው ግን "ሁሉም ነገር ቢበላሽስ?" ተብለው የሰጡት ግምት ነው። እሱም ወደ 49 ቀን ነበር። ክፉውን አስበው እንኳን አልደረሱበትም። ትላልቆቹም ያው ናቸው። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ በ1963 ያልቃል፣ ወጪውም 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ይሆናል ተብሎ ነበር። የተከፈተው በ1973 ነው፤ የወጣበት ደግሞ 102 ሚሊዮን።

ለምን እንሳሳታለን? ስናቅድ የምናየው ሥራውን ብቻ ስለሆነ ነው። እቅድ ስታወጪ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለችው ሳምንት ባዶ ናት። ማንም አይታመምባትም፣ ለቅሶም ሠርግም የለባትም፣ አለቃ በመጨረሻው ሰዓት ሥራ አይጥልባትም። እንደዚያ ያለች ሳምንት ደግሞ የለችም።

እስቲ ያንቺን ሳምንት እንቁጠር። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ በራስሽ ተኪያቸው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኚ 49 ሄደ። ሥራ 45፣ መንገድ 10፤ 55 ሄደ። ለመብላት፣ ለመታጠብ፣ ለቤት ሥራ በቀን ሦስት ሰዓት ብንይዝ 21 ሄደ። የቀረሽ 43 ሰዓት ነው። አሁን ደግሞ ከግቦችሽ ስድስቱን ብቻ ልውሰድ። ማስተርስ በሳምንት 15 ሰዓት፣ ቢዝነስ 12፣ ኦንላይን ኮርስ 6፣ ቋንቋ 5፣ ስፖርት 5፣ ንባብ 4። ድምሩ 47 ነው።

ሰው ሳታገኚ፣ ሶፋ ላይ ሳትጋደሚ፣ አንድም ቀን ሳትታመሚ አራት ሰዓት ጎደለሽ። ስምንት ግብ ደግሞ ገና አልነካንም። ሁለት ወር መሄድሽ ነው ያስገረመኝ።

ስለዚህ ቀጥሎ የምታወጪውን እቅድ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ። "ይሄን ነገር ሌሎች እንደ እኔ እየሠሩ ሲያደርጉት ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?" ሥራ ላይ ሆነው ማስተርስ የጨረሱ አራት አምስት ሰዎች ጠይቂ። ብሮሹሩ ላይ ያለውን ጊዜ ሳይሆን እነሱ ላይ የፈጀውን። የምታገኚው መልስ ደስ ላይልሽ ይችላል። ግን ከራስሽ ግምት ይልቅ እሱን እመኚ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። የአምስት ዓመት እቅድ የምታወጪው ለማን ነው? 34 ዓመት ለሞላት ሴት። እሷን ደግሞ ገና አታውቂያትም። በ2013 የታተመ፣ ከ19,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ከ18 እስከ 68 ዓመት ያሉ ሰዎች ተጠየቁ። ሁሉም ባለፉት አሥር ዓመታት በጣም ተለውጠናል አሉ። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታትስ? ብዙም አንለወጥም አሉ። የ20 ዓመቱም የ50 ዓመቱም እንደዚያው። ሁላችንም ዛሬ ያለነው እኛ የመጨረሻዎቹ እኛ ይመስሉናል።

ሃል ኸርሽፊልድ የሚባል ተመራማሪ ደግሞ ብዙ ሰው የወደፊት ራሱን የሚያስበው እንደ ሌላ ሰው አድርጎ መሆኑን አሳይቷል። ለባዳ ደግሞ ማን ይቆጥባል? በኮምፒውተር ያረጀ ፊታቸውን ያዩ ሰዎች ካላዩት ይልቅ ለጡረታቸው ብዙ ገንዘብ መድበዋል። ተዋወቋቸዋ!

እኔ ፎቶ አላስረጅም። ደንበኞቼን የማሠራቸው ሌላ ነገር ነው። "ከአሥር ዓመት በኋላ ያለች አንዲት ተራ ማክሰኞ ጻፉልኝ" እላለሁ። ምረቃ፣ ልደት፣ የቤት ቁልፍ የምትረከቢባት ቀን አትሁን። ምንም የማይሆንባት ማክሰኞ። ስንት ሰዓት ተነሳሽ? ቤት ውስጥ ማን አለ? ረፋድ ላይ እጅሽ ላይ ምን አለ? ምሳ ከማን ጋር ነው? ማታ ስትመለሺ ምን ደክሞሻል፣ እግርሽ ወይስ ጭንቅላትሽ?

አንድ ደንበኛዬ አርባ ያለፈው መሐንዲስ ነበር። ለዓመታት አንድ ግብ ነበረው፤ የመምሪያ ኃላፊ መሆን። ማክሰኞውን ጽፎ አመጣ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስዕል ጠረጴዛ አለ፣ ጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮት አለ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይት ላይ ወጥቶ ከግንበኞች ጋር ይከራከራል። ስብሰባ የለም። አንድም። ወረቀቱን መለስኩለትና "ኃላፊው የት አለ?" አልኩት። ደጋግሞ አነበበውና ሳቀ። የመምሪያ ኃላፊ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ከስብሰባ ስብሰባ ነው። ሲፈልገው የኖረው ማዕረጉን ነው፤ ኑሮውን ግን አልፈለገውም። ያቺን ወረቀት ይዞ ሄደ፤ ለቦታው ማመልከቱንም ተወው።

አንቺም ማክሰኞሽን ጻፊና 14ቱን ግቦች አንድ በአንድ አጠገቧ አስቀምጪ። እያንዳንዱን "አንተ እዚህች ቀን ውስጥ የት ነህ?" በይው። አምስት ስድስቱ ቦታ ያጣሉ ብዬ እገምታለሁ። ከሰው የመጡ፣ ከሶሻል ሚዲያ የተለቀሙ፣ "በዚህ ዕድሜ እንዲህ መሆን አለበት" ተብለው የገቡ ናቸው። ቋንቋው ምናልባት ከእነሱ አንዱ ነው፤ ምናልባት ደግሞ የሁሉም ቁልፍ ነው። እኔ አላውቅም፣ ማክሰኞዋ ታውቃለች።

የተረፉትስ? "ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት" ይባል የለ? አንድ ዋና ምረጪ። አንድ ብቻ። ከእሱ ጋር አንድ ሁለት "እንዳይሞቱ" የምትይዣቸው ይኑሩ፤ እነዚህን ለማሳደግ አትሞክሪ። ሌሎቹን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ "ተራ የሚጠብቁ" ብለሽ ጻፊያቸው። መሰረዝና ተራ ማስያዝ ይለያያሉ። ሰው ግቡን መተው የሚከብደው ለዘላለም የተወው ስለሚመስለው ነው።

ዋናውን በምን ትመርጪ? ብዙ ሰው በጣም የሚያምረውን ይመርጣል። እኔ ብትዘገዪ የሚያስከፍልሽን አስቀድሚ እላለሁ። አንዳንድ ነገር በ29 ብትጀምሪውም በ33 ብትጀምሪውም ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ንባብ እንደዚያ ነው። አንዳንዱ ግን ጊዜ ራሱ ይሠራለታል ወይም በር ይዘጋበታል። የዕድሜ ገደብ ያለው የትምህርት ዕድል፣ ጤና፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ፣ ቁጠባ ከዚህ ወገን ናቸው።

ስለ ቁጠባ ካነሳን አንድ ቀላል ሒሳብ ልስጥሽ። 72ን ለዓመታዊው ዕድገት አካፍዪ፤ ገንዘብሽ እጥፍ የሚሆንበት ዓመት በግምት ይወጣልሻል። በዓመት 6 በመቶ ከሆነ 12 ዓመት፣ 9 በመቶ ከሆነ 8 ዓመት። ይህቺው ሒሳብ በተቃራኒውም ትሠራለች። ዋጋ በዓመት 12 በመቶ እየጨመረ ከሄደ ዕቃ በስድስት ዓመት እጥፍ ይሆናል። ቤት የመግዣ ገንዘብ ስታቅጂ ሁለተኛውን አትርሺ፤ ዛሬ ባለው ዋጋ አስልተሽ ከአምስት ዓመት በኋላ ባዶ እጅሽን እንዳትቀሪ። አቆጣጠቡን ላስተምርሽ አልሞክርም፤ ታውቂበታለሽ። የወንድምሽ ክፍያ በሚወጣበት ቀን፣ በዚያው አምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። አነስ ባለ መጠን ጀምሪ። ከተቻለ ባንኩ በራሱ ጊዜ እንዲቆርጠው አድርጊ። እንዲህ ከሆነ ቁጠባ "እንዳይሞቱ" ከሚያዙት ውስጥ ይገባል፤ ሐሳብሽን አይሻማም።

አሁን ዋናው ግብሽ ማስተርስ ነው እንበል። ደብተሩ ላይ የአምስት ዓመት ዝርዝር አትጻፊ። የአምስት ዓመቱ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ አቅጣጫ ነው። ዝርዝር የሚጻፈው ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ብቻ ነው። ሦስት ወር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ አንቺ የምትወድቂበት ቦታ እሱ ስለሆነ እቅዱ እዚያው ላይ ያልቅና አዲስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሦስት ወር የማስተርሱ ሥራ ደግሞ መማር ላይሆን ይችላል። የት፣ በስንት፣ በማታ ነው ወይስ በርቀት፣ መግቢያው ምንድን ነው፣ ማን የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልኛል የሚለውን ማጣራት ነው።

እዚህ ላይ አጻጻፍሽን ጠጋ ብለን እንየው። ደብተርሽ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ሳይኖር አይቀርም፦ "ለመግቢያ ፈተናው በደንብ አጠናለሁ።" ይሄ ምኞት ነው። እንዲህ አድርገሽ ብትጽፊውስ? "ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት ሳልገባ፣ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰዓት ተቀምጬ የሒሳቡን ክፍል እሠራለሁ። አለቃዬ ካስመሸኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ከማጠቤ በፊት እተካዋለሁ።" ቀን አለ፣ ቦታ አለ፣ ከምን ቀጥሎ እንደሆነ አለ። ቢበላሽ ምን እንደሚደረግም አለ። "ወደ ቤት ሳልገባ" የምትለዋን አትናቂያት። ብዙ እቅድ የሚሞተው ጫማ ተወልቆ ሶፋ ላይ አረፍ ሲባል ነው።

ይሄ "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ" የሚባለው አጻጻፍ ከጀርመናዊው ሳይኮሎጂስት ከፒተር ጎልዊትዘር የመጣ ነው። እሱና ባልደረባው በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ ዘዴው ግብ ላይ ለመድረስ የሚጠቅመው በቀላሉ የማይናቅ ሆኖ አግኝተውታል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ "ላድርግ ወይስ ልተው?" ብለሽ ከራስሽ ጋር አትከራከሪም፤ ክርክሩ ያለቀው ስትጽፊው ነው። ለወንድምሽ ስትከፍዪ ትከራከሪያለሽ? አትከራከሪም።

የጎልዊትዘር ባለቤት ገብርኤሌ ኦቲንገንም ሳይኮሎጂስት ናት፤ የሠራችው ነገር ለዛሬዎቹ የማነቃቂያ ተናጋሪዎች ደስ አይልም። ሥራ ሊፈልጉ የተዘጋጁ ተመራቂዎችን ጠየቀች። ስለሚያገኙት ሥራ አብዝተው ጣፋጭ ሕልም የሚያልሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ያመለከቱት ትንሽ፣ ያገኙት ትንሽ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ካለፈ ልምዳቸው ተነስተው "ይሳካልኛል" ያሉት ግን ተሳክቶላቸዋል። ልዩነቱ ረቂቅ ነው። ሕልሙ ልክ የደረስሽ ያህል ያረካሻል፤ ከረካሽ ደግሞ አትነሺም። የእሷ መድኃኒት ምኞቱን ካሰብሽ በኋላ ወዲያው "ከእኔ ውስጥ የሚያግደኝ ምንድን ነው?" ብለሽ ማየት ነው። ከውጭ ያለውን አይደለም፣ ከውስጥሽ። ፈተና መውደቅ ትፈሪያለሽ? ማታ ስልክ ላይ ትቆያለሽ? እምቢ ማለት አይሆንልሽም? "እንዲህ ከሆነ" የሚለውን መስመር ለእሱ ጻፊለት።

ሌላ አንድ የምወደው ዘዴ ጋሪ ክላይን የሚባል ሳይኮሎጂስት በ2007 ያስተዋወቀው ነው፤ እሱ ለሥራ ቡድኖች ነበር ያሰበው፣ ለአንድ ሰውም ይሆናል። እቅዱን ጽፈሽ ስትጨርሺ "ሦስት ወር አለፈ፤ እቅዱ ሞቷል" በይ። ሊሞት ይችላል ሳይሆን ሞቷል። ከዚያ ለምን እንደሞተ ጻፊ። አንቺ ደግሞ አራት ጊዜ ስለቀበርሽ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ያለፉት አራት ደብተሮች የውርደት ማስረጃ አይደሉም፤ እንደ ምርመራ መዝገብ ያገለግሉሻል። የተዘጉበትን ሳምንት ፈልጊ። ምን ሆኖ ነበር? ሥራ በዝቶ ነው? አንድ ቀን አምልጦሽ ነው?

አንድ ቀን ማምለጥ ብዙ ሰው ይገድላል፤ ለብቻው ላንሳው። በ21 ቀን ልማድ ይያዛል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን አማካዩ 66 ቀን ነው። ሰው ከሰው ግን ይለያያል፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን። ያንቺ ሁለት ወር እንግዲህ ገና አማካዩ ላይ እንኳን አልደረሰም። ለእኔ ትልቁ ዜና ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። የሚያፈርሰው ከዘለልን በኋላ ለራሳችን የምንነግረው ነገር ነው፤ "በቃ፣ ተበላሸ፣ ከሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ" የሚለው። ለወንድምሽ አንድ ወር በሦስት ቀን ብትዘገዪ "በቃ ተበላሸ፣ ከሚቀጥለው ዓመት እከፍላለሁ" ትያለሽ?

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት የአንድ ዓመት ሥልጠና ልወስድ ተመዝግቤ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ጥናቱን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አድርጌ ነበር ያቀድኩት፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ሰው አይደለሁም። ሁለት ዓመት ራሴን ስወቅስ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሰዓቱን ወደ ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል አዛወርኩት። በስምንት ወር አለቀ። ጠባዬ አልተለወጠም፣ ሰዓቱ ነው የተለወጠው።

በየሦስት ወሩ መጨረሻ አንድ ሰዓት ለብቻሽ ተቀመጪ። ሦስት ነገር ትወስኛለሽ፤ ይቀጥል፣ ይስተካከል፣ ይቁም። "ይቁም" የሚለውን አትፍሪ። ካርስተን ሮሽ የሚባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይሄንኑ ነው፤ የማይደረስበትን ግብ ለቅቀው ሌላ መያዝ የሚችሉ ሰዎች ከማይለቁት ይልቅ የተሻለ ደህንነት ይሰማቸዋል። ግን ሲደክምሽ አትወስኚ። የማቆሚያውን ምልክት ከአሁኑ ጻፊ፤ "ሁለት ጊዜ አመልክቼ ካልገባሁ ይሄን መንገድ ትቼ ሌላውን አያለሁ" ብለሽ። ያኔ የምታቆሚው ተስፋ ቆርጠሽ ሳይሆን በቃልሽ መሠረት ይሆናል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ሦስተኛው ወር ላይ የሚያስጠላሽ ደብተሩ ብቻ ከሆነ ከላይ ያልኩት ይበቃሻል። ግን ምግብም፣ ሰውም፣ ድሮ የምትወጂው ነገርም አብሮ የሚያስጠላሽ ከሆነ፣ እንቅልፍሽም ተዛብቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እሱ የእቅድ ጉዳይ አይደለም። የጤና ባለሙያ ጋ ሂጂ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፤ ለሰው ልንገር ወይ? ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። በ2009 ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሥራ ጥሩ የሕግ ባለሙያ የመሆን ሐሳባቸውን ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች ሥራው ላይ ሲቀመጡ ቶሎ ተነሱ። "እገሊት ማስተርስ ልትማር ነው" ሲባልልሽ ግማሹን ክብር አሁኑኑ ትቀበያለሽ፤ ሥራውን ማን ይሥራው? በ2016 የወጣ፣ 138 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ የት እንደደረሱ የሚከታተሉ ሰዎች ግባቸው ላይ የመድረስ ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ ውጤቱን ለሌላ ሰው ሲያሳውቁ ደግሞ ይበልጥ እንደሚጠቅማቸው ያሳያል። አይጋጩም። ምን ልትሆኚ እንደሆነ አታውሪ፤ ምን እንደሠራሽ ሪፖርት አድርጊ።

ስለዚህ ያቺን ጓደኛሽን ሥራ ስጫት። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ አንድ ቁጥር ላኪላት፤ ካቀድሽው አራት ቀን ስንቱን ተቀመጥሽ? ሦስት ከሆነ ሦስት፣ ዜሮ ከሆነ ዜሮ። ምክንያት አትጨምሪ። ካልላክሽ ሰኞ ጠዋት እሷ ትደውልልሽ፤ የወንድምሽ ትምህርት ቤት እንደሚያደርገው። እሷም የራሷን ቁጥር ትላክልሽ። ቪዲዮውን ግን ይቅርብሽ በያት።